የእትዬ ሙሉ ብልቃጥ

ከእትዬ ሙሉ አፍ የወጡት ጥርሶች ሁሉ ጤነኞች ነበሩ። ይህን የምለው ጥርስ ነቃዩን ለመክሰስ አይደለም፤ እሱ የታየውን ነው የነቀለው። ሴትዮዋ ቀኝ ጉንጫቸውን ይዘው እየጮኹ ገቡ፣ እሱ ጉጠቱን አነሳ። ሕመሙ አልለቅ ሲላቸው ተመልሰው ሄዱ፤ ቀጥሎ ያለውን ነቀለ። በሦስተኛው ላይ ጥርሱን በብርሃን አገላብጦ አይቶ፣ «እትዬ፣ ሥሩ ያማረ ጥርስ ነው፤ ምን ሆኖ እንዳመመዎት እንጃ» አላቸው። ያንን ያለው ግን ከነቀለው በኋላ ነው።

እትዬ ሙሉ የባለቤቴ የሳሙኤል ታላቅ እህት ናቸው። ወልድያ፣ አዳጎ ሰፈር፣ በርበሬና ቅመም ይሸጡ ነበር። ከቅመሙ ይልቅ ጨዋታቸው ደንበኛ የሚስብላቸው ሴት ነበሩ፤ ሰው ቆሞ ሲስቅ ቆይቶ ምን ሊገዛ እንደመጣ ይረሳ ነበር። ሕመሙ የጀመራቸው ከጦርነቱ በፊት ነው። መብረቅ ነው ይሉታል። ከጆሮ ግርጌ ተነስቶ በጉንጭ በኩል እስከ ከንፈር ጫፍ ይሮጣል። ሲያወሩ ይመጣል፣ ሲያኝኩ ይመጣል፣ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ንፋስ ሲነካቸው ይመጣል። ለጥቂት ቅጽበት አንገብግቦ ይተዋቸዋል፤ ከዚያ መቼ እንደሚመለስ እየጠበቁ ይቀመጣሉ። መጠበቁ ከሕመሙ ይብሳል ይሉኝ ነበር።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። መርሳ ላይ ከባለቤቴ ጋር አንዲት መድኃኒት ቤት ነበረችን። የጥርሱን ታሪክ ስሰማ ነገሩ ነርቭ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ጉንጫቸውን ነካ አደረገና ሲጮኹ አይቶ፣ የፊት ነርቭ ሕመም ነው አለ። ካርባማዜፒን አዘዘላቸው።

የነርቭ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም አይደለም። እጅ ሲቆረጥ ነርቩ መልእክተኛ ነው፤ የደረሰውን ጉዳት ለአንጎል ያደርሳል። እዚህ ግን የታመመው መልእክተኛው ራሱ ነው፤ ምንም ሳይደርስ ደረሰ ይላል። ስለዚህ ዳይክሎፊናክ ቢወጉትም፣ ፓራሲታሞል ቢያጎርሱትም አይሰማም። የሚሰማው ለሌላ በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶችን ነው፤ ካርባማዜፒንና ጋባፔንቲንን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡትን፤ አሚትሪፕቲሊንን፣ ለድባቴ የሚሰጠውን። እንደ ሕመሙ ዓይነት አንዱ ከሌላው ይሻላል። ለእትዬ ሙሉ ዓይነቱ የሚቀድመው ካርባማዜፒን ነው። በእኛ አገር ግን መድኃኒት ስም የሚወጣለት በሚውጠው ሰው ነው። ካርባማዜፒን «የሚጥል በሽታ ኪኒን» ነው፤ አሚትሪፕቲሊን «የእብድ ኪኒን»። ባንኮኒ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ አስረዳሁ። ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል፤ ወጥተው ለጎረቤት የሚነግሩት ግን ያንኑ የሚያውቁትን ነው።

እትዬ ሙሉ ኪኒኑን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ መዋጥ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በግራ በኩል ቆሎ ቆረጠሙ፤ ከዚያ ደፍረው በቀኝ በኩል ሞከሩ። «ኧረ ጥርስ የለኝም ለካ» ብለው ሳቁ። ያን ቀን ሳሙኤል ከእሳቸው ጋር እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በነሐሴ 2013 ወልድያ በታጣቂዎች ተያዘች፤ መርሳም ተከተለች። ሳሙኤል በዚያው ወር ሞተ። እንዴት እንደሆነ የሚያውቁ ያውቃሉ። እትዬ ሙሉ ለቀብሩ በሲሪንቃ በኩል በእግራቸው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ቀሩ። መድኃኒት ቤቱ ተሰብሮ ተዘረፈ፤ የማይፈልጉትን እየረገጡት ወጡ። እኔ ቀደም ብዬ ጥቂቱን አውጥቼ ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀብሬው ነበር፤ የእትዬ ሙሉን ካርባማዜፒን አንድ ብልቃጥ፣ ጥቂት አሚትሪፕቲሊን፣ የሕፃናት ሽሮፕ፣ የቁስል ማጠቢያ። ሽሮፑና ማጠቢያው ወዲያው አለቀ። የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ባዶ ነበሩ፤ አልጋቸው ሳይቀር ተወስዷል።

ጥቅምት ሲያልቅ ብልቃጡ እየጎደለ ሄደ። ወልድያ ያለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋባፔንቲን ደብቆ አትርፏል የሚል ወሬ ሰማሁና በእግር ለመሄድ ቆረጥኩ። እትዬ ሙሉን ብቻቸውን መተው ስላልቻልኩ ወንድማቸው ጋሽ ወልዴ ለመርሳ ቅርብ ከሆነችው ከግራና መንደር መጡ። ጋሽ ወልዴ የሦስቱ ወንድምና እህቶች መካከለኛ ናቸው፤ ገበሬ፣ ቆራቢ፣ እጃቸው የማያርፍ ሰው። ኪኒኑን በእጃቸው አስይዤ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ለስላሳ ምግብ። ንፋስ እንዳይነካቸው» አልኳቸው።

«ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው አይደለም ይኸ?» አሉኝ ብልቃጡን እያዩ።

«ለእሱም ይሰጣል፤ ለነርቭም ይሰጣል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዓይነት መነቅነቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወልድያ ላይ ያገኘሁት የጓደኛዬን የተሰበረ በር ነው። ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ወሬው እውነት ነበር፤ እስካለፈው ሳምንት» አለኝ። «ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የወሰዱት። አንዱ ለራስ ምታት ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።» እዚያ ጥቂት ቀን ቆይቼ በየቤቱ ጠየቅኩ። ዲስክ ለያዘው ሰው፣ ስኳር እግሩን ለሚያቃጥለው ሰው፣ በጥይት የተቆረጠ እጁ ዛሬም ለሚያመው ሰው ተመሳሳይ መድኃኒት የሚፈልግ ቤተሰብ በየመንደሩ አገኘሁ። ለሞት የማያደርስ ሕመም ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። ቁስለኛ ይቆጠራል፣ ሟች ይቆጠራል፤ መኝታ ቤት ውስጥ ጉንጩን ይዞ የተቀመጠ ሰው አይቆጠርም።

መርሳ ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤቶች ጋሽ ወልዴ እህታቸውን ወደ ጸበል እንደወሰዷቸው ነገሩኝ።

በጸበል አምናለሁ። እናቴ የዳነችበት ነው። እትዬ ሙሉም ያምናሉ፤ በገዛ ፈቃዳቸው እንደሄዱ አልተጠራጠርኩም። ጸበሉ ከከተማው በላይ፣ ከገደል ሥር የሚወርድ ቀዝቃዛ ምንጭ ነው። ዳገቱን ሳልጨርስ ጩኸታቸውን ሰማሁ፤ ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ የሰዎች እልልታ ተከተለ።

እትዬ ሙሉ ነጭ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፍፁም የሚባለው አጥማቂ በጆግ ውሃ እየቀዳ ቀኝ ፊታቸው ላይ ይለቅባቸዋል። «ተናገር» ይላል፤ «ከየት ነው የያዝካት?»

«አቁም» አልኩት።

«እህቴ፣ ጫማሽን አውልቂ» አለኝ።

አወለቅኩ። «ለምንድነው ቀኙ ላይ ብቻ የምታፈሰው?»

«የሚጮኸው እዚያ ነዋ። ግራው ላይ ሳፈስ ዝም ይላል። የተደበቀው በቀኝ ነው።»

ደሴ ያለው ሐኪም በጥጥ ያገኘውን ይህ ሰው በጆግ አግኝቶታል። ያገኘውን ግን ሰይጣን ብሎ ሰየመው።

ጋሽ ወልዴ ከሕዝቡ መሀል ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። «የሩስ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ግን ጆሮ የለሽም? ሰው እንዲህ አይጮኽም።»

«ሰው እንዲህ ይጮኻል፣ ጋሽ ወልዴ። አንቱ ላይ ደርሶ አያውቅም እንጂ።»

እትዬ ሙሉ እጃቸውን አነሱ። ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ፣ «ውሃውን አርቁት» አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው በገዛ እጃቸው ቀኝ ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉት። እንዳያደርጉት ልነግራቸው አፌን ስከፍት መብረቁ ወረደባቸው። ሲለቃቸው ፍፁምን አዩት።

«ይኸ ጸበል አይደለም። የነጠላ ጥለት ነው። ሰይጣን ጥለት ይፈራል?»

ፍፁም ጎንበስ ብሎ ጥለቱን አየ። «ጥለቱ እኮ መስቀል አለበት» አለ።

ከሕዝቡ አንዳንዶቹ አማተቡ። እትዬ ሙሉ ግን ሳቁ፤ እንደ ድሮው፣ ከሆዳቸው። ሳቁ ራሱ ሕመሙን ቀሰቀሰባቸውና ሳቅና ጩኸት ተደባልቆ ወጣ። «ሰማችሁት ሲሳለቅ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ።

ምን ማስረጃ ይቀርባል እንዲህ ላለ ችሎት? ቢጮኹ ሰይጣን ነው፤ ዝም ቢሉ ተደብቆ ነው፤ ቢስቁ ተሳልቆ ነው። ሰው ሆነው የሚገኙበት አንድም መንገድ አልተተወላቸውም። ጩኸቴን ዋጥ አድርጌ ነጠላዬን በጉንጫቸው ዙሪያ ሳይነካቸው አጠላሁና፣ «ኪኒናቸውን ዛሬ ውጠዋል?» ብዬ ጋሽ ወልዴን ጠየቅኳቸው።

«ጸበልና ኪኒን አይገጥምም ተባለ።»

«ማን አለ?»

ጋሽ ወልዴ ፍፁምን አዩት። ፍፁም ጆጉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «እኔ ኪኒን ጣሉ አላልኩም። ልባችሁን ለሁለት አትክፈሉ ነው ያልኩት።»

በዳር ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ «ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው፤ ማን ከልክሎ?» አሉ ቀስ ብለው። ቀስ ብለው ስላሉት ማንም አልሰማቸውም፤ እሳቸውም ደግመው አልተናገሩም።

«ብልቃጡ የት ነው?» አልኩ።

«አልጣልኩትም» አሉ ጋሽ ወልዴ። ፊታቸው ፈካ። እስካሁን ያልነገሩኝን መልካም ወሬ ሊነግሩኝ ነው። «ለሚገባው ሰጠሁት። የጀብሪልን ሚስት ሁሪያን ታውቂያት የለ፣ ግራና ያለችውን ጎረቤቴን። የምትወድቀውን። መድኃኒቷ ካለቀ ወዲህ እሳት ላይ ወድቃ እጇ ተቃጠለ። እሷ ሙስሊም ናት፣ ለጸበል አትመጣም። ለእታለም ጸበሉ አለላት፤ ለሁሪያ ኪኒኑ ይሁን አልኩ። የተሠራውስ ለሚጥል በሽታ አይደል?»

እንዲህ ነው ያካፈሉት። ለክርስቲያኗ ጸበል፣ ለሙስሊሟ ኪኒን። በሳቸው ሚዛን ማንም አልተበደለም።

እትዬ ሙሉ ይህን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ብልቃጡ ቤት ያለ መስሏቸው ነበር። ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

«እታለም፣ እንደምትሰጪ አውቅ ነበራ።»

«እሰጥ ይሆናል» አሉ። ሌላም ሊሉ ነበር፤ አፋቸው አልፈቀደላቸውም። ተነስተው በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ማታ አጥሚት በማንኪያ ሰጠኋቸው። ግማሹን ሳይጨርሱ አሻፈረኝ አሉ፤ ርቧቸው ነበር፣ ማንኪያው ከንፈራቸውን እስኪነካ መጠበቁን ግን አልቻሉትም።

በነጋታው ወደ ግራና ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ስሰድር ነበር። የሰው መድኃኒት ሳይጠይቁ መስጠት ስርቆት ነው፤ መቀበልም እንዲሁ ነው፤ ብልቃጡን አምጡ። ታጣቂዎች ሁለት ቦታ አስቁመው ቦርሳዬን ፈተሹ። ያገኙት ዳቦ ብቻ ነው፤ ወሰዱት። የግራና ብርቱካን ዛፎች ቅርንጫፋቸው ተሰብሮ ቆመዋል፤ ፍሬውን ለመልቀም ያልታገሠ ሰው ነው እንደዚያ የሚሰብር።

ጀብሪል ደጁ ላይ የሽንኩርት ችግኝ ሲያስተካክል አገኘሁት። እጁን ጠርጎ ተቀበለኝ፤ ሁሪያም ወጣች። ስለ ሳሙኤል ሰምተዋል። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለችኝ። አሜን ብዬ ተቀመጥኩ። ግራ እጇ እስከ አንጓው ድረስ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

አፌን ሳልከፍት ጀብሪል ጀመረ። «ወልዴ ወንድም አይደለም፣ ከወንድም በላይ ነው። የጤና ጣቢያው ኪኒን ካለቀ ወዲህ በየቀኑ ትወድቅብኝ ነበር። አንዴ ማሳ ውስጥ፣ አንዴ ምድጃው ላይ። ከእማማ ሙሉ ቤት ያንን አምጥቶ ሰጠን፤ ያው ጠዋት አንድ ማታ አንድ ብሎ። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።»

«ማታ ማታ ዱዓ ስናደርግ ስማቸውን እንጠራለን» አለች ሁሪያ።

የሰደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ንዴቴ ግን አልጠፋም፤ የሚቀመጥበት ሰው ነው ያጣው። እነዚህ ሰዎች የወሰዱት የለም። ዝም ብዬ ምርቃታቸውን ይዤ መመለስ እችል ነበር። ግን ዝም ካልኩ እትዬ ሙሉ ሁለተኛ መዘረፋቸው ነው።

«እትዬ ሙሉ አልሰጧችሁም» አልኩ። «ሳያውቁ ነው የተወሰደባቸው። መድኃኒቱ የራሳቸው ነው። ያለሱ መብላት አይችሉም።»

ጀብሪል የያዘውን ችግኝ መሬት ላይ አኖረ። «አስተግፊሩላህ» አለ።

ሁሪያ ገባችና ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልላ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ያልተፈቀደ ነገር አልውጥም። ውሰጂ።»

ብልቃጡን ያዝኩት። ይህን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሙያዬ ደግሞ የተማርኩትን እያስታወሰ ያዘኝ።

«በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው» አልኳት።

«ምን ይሆናል?»

«ከበፊቱ የባሰ ልትወድቂ ትችያለሽ። ወድቀሽ ላትነሺም ትችያለሽ።»

«እሳቸውስ ሲያጡት?»

«አይሞቱም። አይበሉም፣ አይተኙም፣ አያወሩም። ግን አይሞቱም።»

ጀብሪል አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ እኔን አየ። «እንግዲህ አንቺ ፍረጂ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ አልፈርድም። እስካሁን ሰው ሁሉ ፈርዶባቸዋል።»

«የመድኃኒቱ ባለቤት ይፍረዱ» አለች ሁሪያ፤ ሻሿን እያጠበቀች ተነሳች። «ተነስ ጀብሪል፣ ውሃ ያዝልኝ።»

ሦስታችን መርሳ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ጋሽ ወልዴ ከእህታቸው መደብ ፊት ለፊት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሲገቡ እንዴት እንደተቀመጡ እንደዚያው የቀሩ ይመስላሉ። እትዬ ሙሉ ጉንጫቸውን በእጃቸው ከልለው ግድግዳውን ያያሉ። ሁሪያ ተንበርክካ ብልቃጡን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጠች።

«አፉ ይበሉኝ፣ እማማ። አላወቅኩም ነበር።»

እትዬ ሙሉ የታሰረ እጇን አዩ። ቃል ቃሉን እየመጠኑ፣ «ስትወድቂ ምን ይሰማሻል?» አሏት።

«ምንም። እኔ እዚያ የለሁም። ስነቃ ሰው ከቦኝ አያለሁ።»

«የታደልሽ። እኔ አለሁ። አንዱም አያመልጠኝም።»

ለእትዬ ሙሉ ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። እነ ጀብሪል እሳቸው የሰጧቸው መስሏቸው ማታ ማታ ዱዓ ሲያደርጉላቸው እንደቆዩ፣ ሁሪያ በድንገት ብታቆም ምን ሊደርስባት እንደሚችል፣ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሰው እንኳ ብዙ እንደማያቆይ፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት እንደማላውቅ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው አልነገርኳቸውም።

«ግማሽ ግማሽ ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ወልዴ ከጥጋቸው።

«አንተ ዝም በል» አሏቸው። «ስትወስድ ግማሽ አላልክም።»

ብልቃጡን አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት፤ በግራ በኩል። ከፈቱት። አንድ ኪኒን አውጥተው ሁላችንም እያየን ዋጡት፤ ውሃው ሲያልፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ክዳኑን ገጥመው ለሁሪያ ሰጧት።

«እስከ ዛሬ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ ላልሠራሁት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠርልኝ። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ወልዴ አይደለም።»

ሁሪያ ጉልበታቸውን ሳመች። ጀብሪል፣ «አላህ ያሽርዎት» አለ። ጋሽ ወልዴ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ «አላልኩም? እታለም፣ ልብሽን አውቀው ነበር» አሉ።

«አታውቀውም» አሉ እትዬ ሙሉ። «አሁንም አታውቀውም። ንዴት ነው ያለው።»

ከጦርነቱ በኋላ ይህን ታሪክ በሰው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የወሎ ፍቅር ይሉታል፤ ክርስቲያኑ ለሙስሊሟ መድኃኒቱን ሰጠ ብለው ያወሩታል። በለቅሶ ቤት አንድ የማላውቀው ሰው ለእኔው ለራሴ ነገረኝ፤ በታሪኩ ውስጥ እትዬ ሙሉ ስም አልነበራቸውም፣ ሕመምም አልነበራቸውም። ፍቅሩን አልክድም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን የሰውን ነገር ሳይጠይቁ አንስቶ መስጠት ደግነት ተብሎ ሲመረቅ መስማት አልችልም። ታጣቂዎቹም ሲገቡ አልጠየቁንም።

ያን ዕለት እንግዶቹ ውሃ ጠጥተው ሲነሱ እትዬ ሙሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆዩ። ወልዴ አይሄድም።»

«እንዴት አልሄድም?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ማሽላው ደርሷል። ወፍ ይጨርሰዋል።»

«እዚህ ትቆያለህ። የሚያበላኝ ሰው አንተ ነህ። ጠዋትም፣ ማታም፣ መድኃኒት እስኪገኝ።»

«የሩስ አለች አይደል?»

«የሩስ ጩኸቴን ታውቀዋለች። አንተ ነህ የማታውቀው።»

ጋሽ ወልዴ ወደ ጀብሪል ዞሩ፤ እርዳታ የፈለጉ ይመስለኛል። ጀብሪል ጢሙን ዳሰሰ። «ማሽላውን ለእኛ ተወው። ነገ ሰው ይዤ እገባበታለሁ። ወፍ አይቀምሰውም» አለ። ሁሪያ ፈገግታዋን በሻሿ ሸፈነች።

እነሱ ከወጡ በኋላ አሚትሪፕቲሊኑን ከጎታው አወጣሁ። ያለውን እውነት ነገርኳቸው። ለሳቸው ሕመም እንደ ካርባማዜፒን እንደማይሆን፣ ከጠቀመም ቀስ ብሎ እንደሆነ፣ አፍ እንደሚያደርቅና እንቅልፍ እንደሚያበዛ።

«የእብድ የሚሉት ነው?»

«እሱ ነው።»

«ስጪኝ። እስካሁን አለማበዴ ነው የሚገርመኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ለብ ያለ አጥሚት በሳህን ይዘው ከእህታቸው ፊት ተቀመጡ። መስኮቱን ዘግቼ ነበር፣ ንፋስ እንዳይገባ። ያለፈው ቀን ኪኒን አቅሙ አልቋል፤ የአሚትሪፕቲሊኑ ገና አልጀመረም። የመጀመሪያው ማንኪያ በሰላም ገባ። ጋሽ ወልዴ ተንፈስ አሉ። ሁለተኛው የከንፈራቸውን ቀኝ ጫፍ ነካ።

ጩኸቱ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከጸበሉ ይልቅ ይከብዳል፤ የሚያጅበው እልልታ የለም። ማንኪያው ከጋሽ ወልዴ እጅ ወደቀ። «በስመ አብ» ብለው ሊነሱ ሲሉ እትዬ ሙሉ የወንድማቸውን አንጓ ያዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥፍራቸው ቆዳው ውስጥ እስኪገባ ያዙ። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ፤ የእህታቸው ፊት ከፊታቸው አጠገብ ነው። እስኪያልፍ ድረስ ሌላ የሚያዩት ነገር አልነበራቸውም።

አለፈ። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ገለጡ። አንጓውን ግን አልለቀቁም።

«ማነው የጮኸው?»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ ሳህኑን አየሁ።

«ወልዴ። ማነው የጮኸው?»

«አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያም ደገሙት። «አንቺ ነሽ፣ እታለም።»

እትዬ ሙሉ እጃቸውን ለቀቁ። አንጓው ላይ የጥፍራቸው ምልክት ቀርቷል።

«እንግዲያው ቀጥል» አሉ። «ሲቀዘቅዝ ይብስብኛል።»

ጋሽ ወልዴ ማንኪያውን ከመሬት አንስተው በለብታ ውሃ አጠቡት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ በዚህኛው ግን ማንኪያውን በግራ በኩል አቀረቡት።